«ደረሰ» የሚለው ቁልፍ

ሦስት ፕሮግራም መጡልኝ፣ ሽማግሌ ልከው፣
እንደ ልጃገረድ ድርጅቴን ጠይቀው።
ሰባት ሞተር አለኝ፣ ሁለት ባጃጅ ደግሞ፣
አንዱ ከሰኔ ወዲህ ጋራዥ የተኛ ታሞ።

የመጀመሪያው ሻጭ ካዲስ አበባ መጣ፣
ጫማው ጭቃ ሲነካ ፊቱ እየተቆጣ።
ካርታውን ዘረጋው፤ ሰማያዊ መስመር
ከመናኸሪያ ወጥቶ በሰፈር በሰፈር።
«ነዳጅሽን» አለኝ «እቆጥባለሁ ሲሶ»፣
መስመሩ ውሰታን ድልድይ በሌለበት ሲሻገር ገስግሶ።
«ወንድሜ» አልኩት «ይህን ወንዝ በሐምሌ አይተኸዋል?»
«ሲስተሙ» አለኝ «ቀስ እያለ ይማራል፣ ያውቀዋል።»
እስኪማር ስንቱን ሞተር ወንዙ ይወስደዋል?

ሁለተኛው በስልክ ነው፣ ድምፁ ማር የመሰለ፣
«አድራሻ በትክክል ይሞላ» እያለ፤
የቤት ቁጥር፣ የመንገድ ስም፣ የፖስታ መለያ፣
ይህ ካልተሞላ በቀር የለም መቀጠያ።

የኛ ሰው አድራሻ መች ቁጥር ሆነና!
«ከአብማ ማርያም በታች፣ ከቄሱ አጥር ቀና
ብለህ፣ የተቃጠለውን ወፍጮ ቤት አልፈህ፣
ውሻው ይጮህብሃል፣ አይነክስም፣ አትሽሽ ፈርተህ፤
ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ ያለበት፣
በቀደም ለት እንኳ ሠርግ የነበረበት።»

ይህን የሚያውቅልኝ ይሁኔ ነው፣ ጡረተኛ ፖስተኛ፣
ባፉ የሚያሰማራ ሰባቱን ሞተረኛ፤
ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሰክቶ፣
ደብረ ማርቆስን ሁሉ ልቡ ውስጥ ከቶ።
«አንሙት፣ በጓሮ ዙር፤ ፊት ለፊቱ ጭቃ ነው፤
ሴትዮዋ ሐሙስ የለችም፣ ለጎረቤት ስጠው።»
በየካቲት ታመመ። ሦስት ቀን ቀረና፣
አርባ ሁለት ጥቅል መጋዘን አደረ፣ መንገዱ ጠፋና።
ያኔ ነው የገባኝ፣ ንግዴ በሙሉ
ባንድ ሰው ደም ግፊት ላይ መንጠልጠሉ።

ሦስተኛው ፕሮግራም መልኩ አያምርም ከቶ፣
ግራጫ፣ እንደ ቀበሌ ቅጽ፣ ፊደሉ ተጋፍቶ።
የሠራው የቡሬ ልጅ፣ እንዳልክ ይባላል፣
ሲጠይቁት መሬት አይቶ «እ... ይቻላል» ይላል።
ጉም ከጮቄ ወርዶ ኔትወርኩን ሲበላ
ዝም ብሎ ያስቀምጣል፣ ይልከዋል ኋላ።
ደግሞም ከቁጥሮቹ ሥር፣ ዝቅ ብላ፣
አንዲት ሳጥን አለች፣ «ምልክት» ተብላ፤
የፈለግሽውን ጻፊ፣ ትቀበላለች፣
ውሻውን፣ ወፍጮውን፣ የሐሙሷን ሴት ታስታውሳለች።

ሳንፈርም ሞከርነው። አንድ ጥቅል ነበር፣
ኢንሱሊን በበረዶ፣ ሌሊት የማይሻገር፤
ለየሽመቤት ነው፣ ከውሰታ ማዶ፣
ስልኳ የማይነሣ፣ ቤቷ ቁጥር ባዶ።
ይሁኔ እየነገራት ሒሳብ ያዧ ጥሩዬ ስትጽፍ፦
«በሩን ተወው፣ መስኮቱን ምታ፤ ጆሮዋ ከብዷል፣ ሳታይህ እንዳታልፍ።»
አንሙት ዝናብ ለብሶ በዳገቱ ወጣ፣
ነጥቡ ማያው ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ጠፋ፣ ቆይቶም መጣ።
ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም አልተነፈሰ፤
ከዚያ አረንጓዴ በራና ጻፈልን፦ «ደረሰ»።

አጨበጨብን። ይሁኔ ግን ዝም አለ፤
መነጽሩን ጠርጎ «ከዚች ቃል» አለን «አንድ ነገር ጎደለ።
አውቶቡስም፣ እህልም፣ መርዶም ‹ደረሰ› ይባላል፤
ሰው ለሰው ሲሆን ግን ሁለት ፊደል ያክላል።
የሽመቤት አሁን ባንሙት ስልክ ደውላ
ምን አለች? ‹ልጁ ደረሰልኝ› ነው ያለች፤ ጻፍ በላ!»

እንዳልክ መሬት አየ። «እ... ይቻላል» አለ፣
ማታውን ቡሬ ሄዶ ሲጽፍ ሲሰርዝ ዋለ፣
አደረም።

ፈረምኩ። ዛሬም ይሳሳታል፤ ማክሰኞ ለት የልደት ኬክ አስይዞ
አንሙትን ልኮታል ለቅሶ ቤት አጓጉዞ።
ይሁኔ ግን አሁን ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣
ጠዋት ጠዋት መጥቶ «ምልክት» ያስሞላል።
ማያው ላይ ሦስት ቃል በተራ ይበራል፤
ወጣ።
መንገድ ላይ ነው።
ሦስተኛዋ ለወንድ «ደረሰለት»፣ ለሴት «ደረሰላት»፤
ለመሥሪያ ቤት ብቻ
«ደረሰ» ብለን ተውናት።