አርባ አምስት ዓይን

ሦስት በሦስት ድንኳን፣ በቀን የሚከፈል፤
ከግራዬ ሳሙና፣ ከቀኜ የማር በርሜል፤
እኔ መሐል ቆሜ ሥዕል ሰቅያለሁ፣
የሐይቁ ንፋስ ሲያወርድ ደግሜ እሰቅላለሁ።
ሐዋሳ ነው። ጨምበላላ አልፏል፤ ከተማው ደክሞታል፤
የሰዉን ገንዘብ ሁሉ ቅቤ በልቶበታል።

"በእጅ ነው?" ይሉኛል። "በእጅ ነው" እላለሁ።
"ፕሪንት አይደል?" ሲሉኝ ቆዳውን ገልብጬ
ጣታቸውን ይዤ
የፍየሏን ፀጉር፣ የካራውን ጭረት አስዳስሳለሁ።
ያደንቃሉ። "ጎበዝ!" በስልክ ያነሳሉ፤
"ዞረን እንመጣለን" ብለውኝ ያልፋሉ።
እንዲህ ያሉኝ ሁሉ ዞረው ቢሆን ኖሮ
ሐይቁ መንገድ ያወጣ ነበር ዙሪያውን ተቆፍሮ።
አንድ ሕፃን "ዓይናቸው ለምን ትልቅ ሆነ?" አለኝ፤
መልሱን ሳላገኘው እናቱ ጎትታ ከጥያቄው ገላገለችኝ።

አባቴ ሙያውን ተማረ ከደብር ግድግዳ፤
ኑሮ ሲገፋው ሣለ የሥጋ ቤት ፍሪዳ።
ለኔ ያወረሰኝ ሕግ አንዲት ናት፣ አጭር፦
"ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ይታይ፤
ክፉው ግን በጎኑ፣ አንድ ዓይን ይጫር።
ስም አትጥሪ ልጄ፤ ይፈርዳል የሚያይ።"

አሞራ ገደልን ሣልኩ፣ የዓሣውን ገበያ፤
መረብ የሚፈታውን፣ ጀልባውን፣ መቅዘፊያ፤
ዓሣ የሚበልቱትን፣ እጃቸው በቅርፊት የሚያበራ፤
አባ ኮዳ ቆሞ እንደ ዕዳ ጠያቂ፣ ራሰ በራ።
ሃያ ሦስት ሰው ነው። ዓይኑን የቆጠረ
አርባ አምስት ያገኛል፤ አንድ እኔ ጋ ቀረ።

ሌዳሞ ነው፣ ባለ ቢጫ ኮፍያው።
አምና ስድስት ሥዕል በዱቤ ወስዶ
"አዳማ ሸጬ መጣሁ" ብሎ፣ እንደ ወጣ ሄዶ
ቀረ።
ሞያሌን አለፈ አሉ። ናይሮቢ ታየ አሉ።
ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፈተ፣ የለም ተዘረፈ አሉ።
እኔ ፍርድ ቤት አልሄድኩም፣ ሽማግሌ አላክሁም፤
ብሩሽ በእጄ ነበር፣
አንድ ዓይኑን ነሣሁት፣ ሌላ አልተናገርኩም።

እሁድ አመሻሹ ላይ አንዲት ሴት መጣች፤
የገበያ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች፤
ዋጋ አልጠየቀችም፣ "ጎበዝ" አላለችም፤
ከሥዕሉ ፊት ሆና ጣቷን እያስኬደች፣
ከአንዱ ሰው ወደ አንዱ፣
አውቶብስ ተራ ላይ ሰው እንደምትፈልግ፣
ቢጫው ኮፍያ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"የኔ ልጅ ነው" አለች። "ጆሮው ያባቱ ነው፤
የድስት ጆሮ እያልን የምንስቅበት ነው።
ኮፍያውንም እኔ ነኝ የገዛሁለት።"
ዝም አልኩ። ማር ሻጩም። ድምፅ ማጉያው ብቻ፦
"ሁለት ሳሙና ለገዛ አንድ በነፃ!"

"ሌላው ዓይኑስ የታለ?"

የአባቴ ሕግ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬን ያዘኝ።
"ሐይቁን እያየ ነው" አልኳት፣ ሌላ ቃል ቢጠፋኝ።
ሐይቁን የሣልኩት ግን ከጀርባው ነበረ።

አየችኝ። አየችው። ወደ እኔም ዞረች።
"አይደለም የኔ ልጅ" ቀስ ብላ አለች፣
"ሊዋሽ ሲል እንዲህ ነው፤ ፊቱን ዞር ያደርጋል።
ያንቺም ብር አለበት?"
"የለበትም" አልኩኝ፤
ፊቴን ወደ ማሩ ዞር አድርጌ ኖሯል።

"ስንት ነው?" "ሁለት ሺህ"፤ አፌ ለምዶበት ነው።
ከመቀነቷ ጫፍ የፈታችው ስምንት መቶ ነው።
ወሰድኩት። መቶውን ለባጃጅ መለስኩኝ።
ባልወስድ ይሻል ነበር፤ የድንኳን ኪራይ አለብኝ።
ካርቶን ሳነሳ፣ "አትጠቅልይው" አለች፤ "ልጁ ይታፈናል።"
ታቅፋው ባጃጅ ገባች፤ የሚያይ ሰው ምን ይላል?

የሚቀጥለው ባዛር አዳማ ነው፣ በሳምንቱ።
ቆዳ ወጥሬያለሁ፤ ገበያው ያው ነው፣ ያው ነው መልክቱ፤
መረቡ፣ ጀልባው፣ ራሰ በራው ወፍ
(እሱ እንኳ ችግር የለም፣ በአንድ ዓይን ቢሣል የማያኮርፍ)፤
ሃያ ሦስቱም ሰዎች ቦታ ቦታ ይዘዋል፤
ቢጫው ኮፍያም አለ።
አርባ አምስቱ ዓይኖች ደርቀው አብቅተዋል።
ብሩሹ ግን አሁንም በጥቁር ተነክሯል።