አራት ጥግ

በጅማ ክረምቱ ግድግዳ ይጠጣል፤
ወረቀት ያብጣል፣ ሙጫ ይለቅቃል፣
የመጽሐፍ ጀርባ ሻጋታ ያበቅላል።
ይህን እያወቅሁ ካርድ አኖራለሁ፤
በብስኩት ቆርቆሮ፣ በሩዝ ፍሬ መሀል
አሥራ አንድ ዱላ ያዥ አስተኝቻለሁ።

አባቴ ሸረፋ ነው ያመጣቸው።
የእርሻ ትምህርት ቤቱን በር ሲጠብቅ፣
አሜሪካኖቹ ጓዛቸውን ሲጭኑ፣
ልጃቸው ሮጦ መጥቶ መዳፉ ላይ አፈሰሰለት።
የምን ጨዋታ እንደሆነ
የተናገረ የለ፣ የጠየቀም የለ።

ቆብ ያጠለቀ ሰው፣ ዱላው ትከሻው ላይ፣
ዓይኑን ጨፈን አርጎ ፀሐይ የሚያይ።
«ገና ነው የሚጫወቱት» አለ ወንድሜ ነዚፍ።
«ታዲያ የዱላው ጫፍ ምነው አልቆለመመ?»
«በነሱ አገር እንጨት ቀጥ ብሎ ነው የሚያድግ»
ብሎ ዘጋው።

ተካፈልን። ለሱ ስድስት፣ ለኔ አምስት።
ከአዌቱ ድልድይ ሥር ስንበላላ
በመዳፍ እየመታን፣ እያገላበጥን፣
አንዱን ጭቃ ነካው፣ ያንዱ ጥጉ ላላ፤
ላንዱ የጎረቤት ልጅ ረዲያ ጺም ሣለችለት፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ እስኪያምርበት።
አንዱን እናቴ በሚስማር መታችው
ኩፍኝ ይዞኝ ስተኛ፣ ከራስጌዬ በላይ፦
«ዱላ አለው፣ እሱ ይጠብቅህ፤
አባትህ ያለው ሌላ ሰው በር ላይ።»

አንዱን ግን ማንም አልወደደው።
ፊቱ ኮስታራ ነው፤ ያስፈራል።
ከሒሳብ መጽሐፌ መሀል ገብቶ
ሃምሳ ዓመት እጅ ሳይነካው ኖሯል።
ነዚፍ ሲያገባ ስድስቱን መለሰልኝ፤
«እኔ ቤት አሁን ቦታ የለም» አለኝ።

አምና ሰኔ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጣ፣
አጉሊ መነጽር ይዞ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ፤
ሕርማታ፣ ከሰዓት መጠገኛዬ
ጠባብ በርጩማ ላይ ተጨናንቆ
እንደ ሐኪም መረመረ።
«ገና አይደለም፣ ቤዝቦል ነው» አለኝ።
(ነዚፍ እንዳይሰማ።)
«እጥፋት። እድፍ። ቀዳዳ።
ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ጺም?»
«ረዲያ ናት» አልኩት። እሱም ዝም።
አሥሩን ወደ ጎን ገፋቸው፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ።
ኮስታራውን ግን ወደ ብርሃን አነሣ፣
ትንፋሹን ዋጠ፦
«አራት ጥግ! አራቱም እንደ ምላጭ!»

ዋጋ ጠራ።
እኔ የጣሪያዬን ቀዳዳ አሰብኩ፤
ከአልጋው እግር ሥር ያለውን ባልዲ።
ሰው ያልሳቀበት፣ ያልተጣላበት፣
ለካ ውዱ እሱ ኖሯል፤ ይሂድበት!
ሸጥኩት። አሥራ ስምንት ቆርቆሮ ገዛሁበት።

ይኸው ዝናቡ ከጅሬን ወርዶ
ጣሪያውን ይደበድባል፤ ጠብታ የለም።
አሥሩን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬአለሁ፦
ጺማሙን፣ ጭቃ የነካውን፣ ጥጉ የላላውን፣
በሚስማሩ ቀዳዳ አምፖሉን አያለሁ።

ያ ኮስታራ ግን አንዳንድ ማታ ትዝ ይለኛል።
ጀርባው ላይ ስሙ ተጽፎ ነበር።
አላነበብኩትም።