ቢያዩት

አራብሳ ዳር ላይ፣ የመጨረሻው ብሎክ፣
ከእኛ ወዲያ የገብስ ማሳ ነው፤
ጣራችን ላይ ጥቁር ሮቶ አለ፣
ሠላሳ አባወራ የሚጠጣው ከሱ ነው።

ጋሽ ቱፋ ነበር የሚጠብቀው፤
መሰላል ወጥቶ ሆዱን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤
ድምፁ የሚለወጥበትን ስፍራ
በእርሳስ ያሰምራል፦
«እስከዚህ ውሃ፣ ከዚህ በላይ አየር።»
ሌላ መሣሪያ አልነበረውም፤
ተሳስቶም አያውቅም ነበር።

አምና ገንዘብ አዋጥተን አውቶማቲክ አስገጠምን፤
ተንሳፋፊ ኳስ፣ አንዲት አረንጓዴ መብራት።
ጋሽ ቱፋ መሰላሉን ለቀለም ቀቢዎች አዋሰው፤
ጉልበቱ አረፈ፣ ጣቱም ረሳ ማንኳኳት።

ሰሞኑን ቧንቧው ደረቀ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ጠብ የሚል ጠፋ፤
መብራቷ ግን አረንጓዴ ናት።
«ሙሉ ነው ትላለች እኮ» አለ ጋሽ ቱፋ፣
ባዶ ባልዲ በእጁ እንደያዘ፣
ዓይኑን ከመብራቷ ሳይነቅል።
ጎረቤቴ መሐንዲሱ ሳቀበት።
እኔ አልሳቅሁም።
ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤
አንድ ሌሊት የኔ ነበር።

ከዚሁ ማሳ በላይ ነው፣
ወደ ቦሌ ስንወርድ፣ ዝናቡ አባርቶ፤
መንገደኛው ግማሹ ጫማውን አጥልቆ
ግማሹ አንቀላፍቶ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የበረርኩ ሰው
ሞተሩን ለሞተሩ ትቼ፣
እጆቼ ጭኔ ላይ ነበሩ፣
እንደ ሠርግ ሽማግሌ ተመቻችቼ።
ጋዙ ራሱን ያስተካክላል ብዬ አምኛለሁ።
ቅድም «እረፍ» ብዬዋለሁ ለካ፤
እኔ ረሳሁት፣
እሱ አልረሳም።

መቶ ሠላሳ ስምንት። መቶ ሠላሳ አንድ።
ቁጥሩ ፊቴ ላይ ይወርዳል፤
አየዋለሁ፤ አላየውም።

በቀኜ ረዳቴ ኬሪያ ነበረች፣
እናቷ ቤት በሥርዓት ያደገች።
«ካፒቴን… ይቅርታ… ፍጥነቱን ቢያዩት…» አለች።

ቢያዩት።
ይህን ቃል እስቲ አፋችሁ ውስጥ መዝኑት፤
ውስጡ በር ላይ ጫማ ማውለቅ አለ፣
በሁለት እጅ መጨበጥ አለ፣
ታላቅ ሲናገር መሬት መሬት ማየት አለ።
ያደግንበት ማር ነው፤ እኔም ስልሰው ኖርኩ።
ግን ማር የሚፈሰው ቀስ ብሎ ነው፤
ፍጥነቱ ያለቀበት አውሮፕላን ቀስ ብሎ አይወርድም።

መቶ ሃያ አራት።
«እሺ» አልኳት። እሺ!
እጄ ከጭኔ አልተነሳም።

ያኔ ነው የእናቷን ቤት ከላይዋ አውልቃ የጣለችው፦
«አንተ! ጋዝ!»

እጇ ከእጄ ቀድሞ ደረሰ፤
ሞተሩ አጓራ፣ አፍንጫው ቀና፤
የአራብሳ መብራቶች ከሆዳችን ሥር
ራቁ እንደገና።

ዞረን አረፍን።
አንዱ መንገደኛ «ምን ነበር?» ሲል
አስተናጋጇ «ንፋስ ነው» አለችው።

ኬሪያ ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ፣
ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ይዛ።
«ካፒቴን፣ ‹አንተ› ስላልኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»
መልስ ፈልጌ አጣሁ፤
ቦርሳዋን ተቀብዬ እስከ መኪናው ተሸከምኩላት።

ዛሬ ጠዋት መሰላሉን ከቀቢዎቹ አስመለስን።
ጋሽ ቱፋ ወጣ፤ እኔ ከሥር ያዝኩለት።
ኳ። ኳ። ኳ።
ከላይ እስከ ታች አንድ ድምፅ፣
ባዶ እንደ ዓርብ ገበያ ቅዳሜ ሌሊት፤
መብራቷም በረጋ መንፈስ «ሙሉ ነው» ትላለች።
ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ፤
ማሽንን ማመንስ?
አንኳኩቶ ይመስለኛል።
«ካፒቴን፣ እርስዎም ወጥተው ቢያዩት…» አለኝ ከላይ።
«አንተ በለኝ፣ ጋሽ ቱፋ።»
ሳቀ፤ ግን አላለኝም።

ማታ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ
አንድ አውሮፕላን እግሩን ዘርግቶ
በማሳው ላይ ሲወርድ አየሁ።
እጆቼን ፈለግኳቸው፤
ጭኔ ላይ ነበሩ።
አነሳኋቸው።