ያልተነካው ነጭ

የኤደልሚራ ሥዕል ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም፤
ሚስማር አይፈልግም፣ ግድግዳ አይመርጥም።
የትናንቱን አይቼ ሳይበርድ ገና ሳቄ፣
ዛሬም ሌላ ይዛ ብቅ ትላለች ከሱቄ፤
ሁለት ዳቦ ትገዛለች፣ ሳንቲሙን ትቆጥራለች፣
ከሳንቲሙ ሥር ግን አንዲት ሥዕል ታኖራለች።

በቺሎዌ ደሴት ዝናብ ቤተኛ ነው፤
ሳያንኳኳ ይገባል፣ ስንሸኘውም የኛ ነው።
እሷ ከመስኮቷ ደፍ ላይ ሲኒ ታስቀምጣለች፤
«የቧንቧ ውሃ ግትር ነው፣
የሰማዩ ግን ይሰማል ሲሉት» ትላለች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዛጎል ፋብሪካው ሚዛን ቆማ፣
ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት ወጣ ስትጽፍ፣ ጣቷ በጨው ደምታ፣ ታማ፣
ጡረታ የወጣች ለት ማታ
የመጀመሪያዋን ላም ሣለች፣ ቦት ጫማ አጥልቃ፣
በጣም ተጠንቅቃ
የምትሻገር ጭቃ።

ከዚያ ወዲህ ማን ያቁማት!
አንዱ ላይ ድንች አለ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ቅዳሴ የሚሄድ፣
ከኋላው ሽንኩርቷ ሰባት ቀሚስ ለብሳ ደረጃው ላይ ስትንገዳገድ።
ሌላው ላይ ቀንድ አውጣ፣ ባለ አራት ቋሚ ቤት ተሸክሞ በጀርባ፣
«ኪራይ ጨመሩብኝ» እያለ በለሆሳስ፣
ከአንዱ ከተማ ወጥቶ አንዱ ከተማ ሲገባ።

እኔ ዳቦ ጋጋሪው መስታወቴ ላይ እለጥፋለሁ፤
ሰው ለዳቦ ገብቶ ሥዕል ይዞ ሲወጣ አያለሁ።
ነርሷ ኖርቢያ ድንቹን ለጠፈችው በመርፌ ሣጥኗ ክዳን፤
የጀልባው ነጂ ላሚቱን ከመሪው በላይ ሰቀላት፣
ከሁለት ቅዱሳን መካከል፣ እንደ ሦስተኛ ቅዱሳን።

አንድ ማክሰኞ ዶን ባልዶሜሮ ገባ፤
መስታወቱ ላይ ራሱን አየ፦ ሽመላ ሆኖ፣ መነጽር ሰክቶ፣
በአንድ እግሩ ቆሞ የውሃ ሒሳብ የሚያነብ፣ ከኩሬ ገብቶ።
«ይነሣ!» አለኝ። ዳቦውን ጥሎ ወጣ።
ሦስት ሳምንት ከማዶው ሱቅ ደረቅ ዳቦ በላ፣ ወደኔ ሳይመጣ።

በአራተኛው፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ቆቡን እያወለቀ፣
«ያ ሽመላ አለ?» አለኝ፤ ድምፁ ደቀቀ።
«ብቻውን ነው የቆመው። ኦቲሊያን ለምን ተወቻት?»
(ኦቲሊያ ሚስቱ ነበረች። ባለፈው ክረምት ነው የቀበራት።)

ሄጄ ነገርኳት። የቀለም ሣጥኗን ከፈተች።
ነጭ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ሳቀችብኝ፣ እንዲህ እያለች፦
«ነጭ ገዝቼ አላውቅም፤ ይተዋል እንጂ አይቀባም፤
እጅህን ካልሰበሰብክ በልመናም አይገባም።»

ዝናቡን ቀባችው። ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ የዛገ ብረት ቀለም፤
ጣራውን፣ ጭቃውን፣ የጀልባውን ገመድ፣ የኩሬውን ዳር ሁሉንም፤
አንዲት ስፍራ ብቻ ዞረቻት፣ ደግማ ዞረቻት፣ አልነካቻትም።
ሲደርቅ፣ ከሽመላው ጎን አንዲት ነጭ ሽመላ ቆማ ነበር፣
ማንም ያልሣላት፣ ከዝናቡ መሃል በዝናብ ስትታጠር።

ባልዶሜሮ አየ። መነጽሩን ወለወለ። መልሶ ወለወለ።
«እግሯ ቀጥኗል» አለ።
«ኦቲሊያ እንዲህ ቀጭን እግር አልነበራትም።»
ከዚያ «ሁለት ዳቦ» አለኝ።
ከክረምት ወዲህ አንድ ነበር የሚገዛኝ።

እኔም ትናንት ማታ፣ ምድጃው ሲቀዘቅዝ፣
ጀልባ ልሥል ብዬ ጫማ ሣልኩ፣ ክር ያለው፣ ውሃ የሚይዝ።
ኤደልሚራ አይታ «ይሄ ጫማ ባሕር ያውቃል» ብላ ወሰደችብኝ።
ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፤
ሁለት ልጆች ከሥሩ ቆመው፣ ደብተራቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ሳቁብኝ።
ጥግ ጥጉን ዝናብ ይልሰዋል፣ እስከ ማታም አይቆይ።
ይሁን። ሊጡ ይጠብቀኛል፤
ማታ ደግሞ የሌላው እግር ይቀረኛል።