የሥጋ ዘመድ

ሥራዬ ቅብ ነው፤ ግድግዳ ግን አይደለም፣
ሰው ነው የምቀባው፣ የነሐስ ቀለም።
ከመድረኩ ጀርባ፣ ከመብራቱ ግርጌ፣
ነጩን ገላ ሁሉ ጠይም አድርጌ
ለዳኞች እሰዳለሁ፤
ሌሊቱን ጠይምነቴ በሆቴል ቧንቧ ሲወርድ እሰማለሁ።

ቦሽትያንን ያወቅሁት እዚያው ነው፣ ማሪቦር፤
ጀርባው ሁለት ማሳ፣ መሐሉ ላይ ድንበር።
ልብሱን ሳያወልቅ ጠርሙሱን አየና
"ከእንስሳ እንዳይሆን" አለኝ፣ ጠጋ አለና።
"ከሸንኮራ ነው" አልኩት።
ያን ጊዜ ክንዶቹን እንደ መስቀል ዘርግቶ ቆመልኝ።

የሥጋ ቤቱ የቪንኮ ልጅ ነው።
ታኅሣሥ ሲገባ፣ በረዶ ጓሮውን ሲሞላ፣
አሳማው ሲታረድ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ሲበላ፣
ደሙን በሳፋ የሚቀበለው እሱ ነበረ፣
ገና በዘጠኝ ዓመቱ። ሙቀቱ እጁ ላይ ቀረ።
ስብከት አልሰማ፣ መጽሐፍ አልገለጠ፣
ያ ሳፋ ብቻ ነው ነገሩን የቆረጠ።

በአሥራ ዘጠኙ፣ ከተዘጋው የጨርቅ ፋብሪካ ምድር ቤት
ብረት ሊያነሣ ወረደ፤ ዝገት፣ ላብ፣ የተሰነጠቀ መስታወት።
ጓደኞቹ ዕንቁላል በትሪ ሲቆጥሩ
እሱ ምስር ዘፍዝፎ፣ ሽምብራ በኪሱ።
"ፍየል" አሉት።
ስለ ባቄላው ያሉትን ትቼዋለሁ፤
የኛም ተረት እንደማይምረው አውቃለሁ።

ግራዝ ላይ ወጥቶ የመጨረሻ ሆነ።
ዛግሬብ ላይ አንድ ሰው በለጠ፤ ያም ሰው ታሞ ነበር።
ቀን መጋዘን ውስጥ ሣጥን፣ ማታ ብረት፣
በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ሉብልያና፣ ሁለተኛ።
አንደኛ ሆኖ አያውቅም።
"ይህን እንዳትደብቂ" ብሎኛል፤ አልደበቅሁም።

አንድ ቀን ትከሻውን እየቀባሁ እንዲህ አልኩት፦
"በኛ አገር ገበሬው፣ ሁዳዴን ወተት እንኳ ሳይቀምስ፣
ሽሮና ጎመን በልቶ ከበሬ እኩል ሲያርስ፣
ዋንጫ የሰጠው የለም።"
"ፋሲካ ሲመጣስ?" አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።
ብሩሼን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ።

አባቱ አንድ ጊዜ እንኳ አዳራሽ አልገባም።
"ሥጋ ሸጬ ያሳደግሁት ሥጋ
ሥጋዬን ናቀብኝ" ይል ነበር፣ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት።
አባትና ልጅ፣ የሥጋ ዘመዳሞች፣
በሥጋ ተጣልተው አለፉ ስምንት ገናዎች።

ከዚያ ቪንኮን ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ወሰደው።
ሥጋ ቤቱ ተሸጠ፤ ቢላዎቹም በኪሎ።
ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም።
ልጅየው፣ አርባ አንድ ዓመቱ፣ ቀኝ ትከሻው የተበጠሰ፣
ሐሙስ ሐሙስ አባቱን አቅፎ ደረጃውን ይወርዳል፤
ድራቫ ዳር፣ አግዳሚው ላይ፣ ፀሐይ ያሞቀዋል።
ሁለት መቶ ኪሎ ከወለል ያነሣን ክንድ
ሃምሳ አራት ኪሎ አባት ያንቀጠቅጠዋል።
የምስር ሾርባ በማንኪያ ያጎርሰዋል፤
ሽማግሌው ይተፋል፤ ደግሞ ያጎርሰዋል።

አንድ ሐሙስ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ።
የሽማግሌው ደኅናዋ እጅ ቀስ ብላ ተነሣች።
አውራ ጣቱን ልጁ ክንድ ላይ ተከለ፣ ጫን አድርጎ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ሽንጥና ዳቢት ሲለይ እንደኖረው፣
ዓይኑን ጨፍኖ።
"ጮማ የለውም" አለ በተጣመመ አፉ።
"ጥሩ ሥጋ ነው።"

ባለፈው መስከረም ደግሞ መጣልኝ፣
አርባ ሦስት ሞልቶት፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ብሎበት።
ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀባሁት። ክንዱ ጋ ስደርስ
"እዚህ ላይ ቀለም አታብዢ" አለኝ፣
ሳንቲም የምታህል ቦታ በጣቱ አሳይቶ።
ተውኩለት።
ዳኞቹ ያዩት አይመስለኝም።
አራተኛ ወጣ።