በቀኑ መጨረሻ

ሥራ የያዝኩ ሰሞን፣ ለርዊክ ከወደቡ፣
የዓሣ ሣጥን ሳጥብ፣ ጀልባዎች ሲገቡ፣
በእኛ አስራ አንድ ሰዓት፣ በእነሱ አምስት ሲል፣
አለቃዬ ጊልበርት፣ ጓንቱን ሲያስተካክል፣
«በቀኑ መጨረሻ» አለኝ ቆም ብሎ፣
«ሁሉም ድርሻውን ያገኛል»፤
ሄደ፣ ቱቦውን እጄ ላይ ጥሎ።

እኔ ቋንቋ የማምን፣ ቃል በቃል የምሰማ፣
ቀን ካሉኝ ፀሐይ ነው፣ መጨረሻው ጨለማ።
ሥራው አለቀና፣ ሌላው ሲበታተን፣
በሩ ሥር ተቀመጥኩ፣ ልጠብቅ ማምሻውን።

ሰኔ ነው። ሼትላንድ ነው። ማን ነግሮኝ ያንን ጉድ?
ፀሐይ እንግዳ ሆና፣ ደጅ ላይ ወሬ ይዛ፣ እምቢ ስትል መሄድ!
ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ብርሃን ነው። አራት ሆነ፣ ብርሃን ነው።
አምስት፤ አንድ ወፍ ጮኸች፤ ጥላዬ ረዝሞ ከግንቡ ማዶ ነው።
ስድስት ሰዓት ሌሊት ጋዜጣ ይነበባል፤
መጨረሻ የሌለው ቀን እንዴት ደሞዝ ይከፍላል?

ላውሪ ኢዝቢስተር መጣ፣ ከውሻው ጋር ሲዞር፣
ሰባ አራት ዓመቱ፣ ጆሮው ላይ ሲጋራ እንደ ብዕር።
«ማንን ትጠብቃለህ?» «የቀን መጨረሻውን።»
ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ አስደነገጠ ውሻውን።
«ደሞዝህማ ዓርብ ነው» አለ፣ አጠገቤ አርፎ፣
«ያ የምትለው ሰዓት አይደለም፣ ወንበር ነው፤
ሰው ቁጭ የሚልበት፣ ብዙ ለፍቶ፣ ብዙ ለፍልፎ።»
ከዚያ ስለ ሸጣት ጀልባ አወራኝ፣ በስሟ እየጠራት፣
ጎረቤት እንደ ዳረባት፣ እንደ ሩቅ ልጅ፣ እየናፈቃት።

ከዚያ ወዲያ ሰማሁት፣ ጆሮዬ ተከፍቶ፣
እንደ ቁልፍ ሲንኳኳ በየኪሱ ገብቶ።
የባንኩ ልጅ ብድር ሲነፍገኝ፣ እጁን አጣጥፎ፣
«በቀኑ መጨረሻ ሕጉን እኔ አላወጣሁም»፤
ወረቀቴን በመስኮት አሳልፎ።
ዊልማ፣ የላውሪ ሚስት፣ ምራቷ ቤት ጥላ የሄደች ዕለት፣
«በቀኑ መጨረሻ እናት ናት»፣
የልጅ ልጇን ፀጉር እየጎነጎነችላት።
ቄሱ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ጊልበርት ስለ ኳስ ሽንፈት፣
ገና በቁርስ ሰዓት ቀኑን ጨርሰው ቀበሩት።

ትንሿ ቃል ናት የምትገርመኝ፤
እኛ «በ» ብለን ከስሙ ጋር የምንሰፋት፣
እነሱ ብቻዋን ያቆሟታል፣ እንደ ዘበኛ፣ ከደጃፉ ፊት።
እኛም አለን እኮ፤ «ዞሮ ዞሮ» እንላለን፣
እነሱ ቀን ያስመሻሉ፣ እኛ እንዞራለን።
ለላውሪ ነገርኩት፦ ዞሮ ዞሮ ከቤት፣
ኖሮ ኖሮ ከመሬት።
ሁለቴ አስደገመኝ፤ በአፉ አላመጠና ቀመሰው፣ እንደ እንግዳ ምግብ፣ እንደ ባዕድ እሸት፣
«ወይም ከባሕር» ብሎ፣ የራሱን ጨመረበት።

ታኅሣሥ ሲመጣ ቀኑ እንደ ክር አጠረ፣
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራት ማብራት ተጀመረ።
ላውሪ ሆስፒታል ገባ፤ ያ ሳል ሥር ሰዶበት።
ሐኪሟ ብዙ ተናገረች፣ ሥዕል አሳይታ፣ ቁጥር ጠቅሳለት፤
ሰምቶ ሰምቶ፣ «በቀኑ መጨረሻስ?» ብሎ ጠየቃት።
ዝም አለች።
መስኮቱ ጥቁር ነው። የግድግዳው ሰዓት
ዘጠኝ ተኩል ይላል።

ከቀብር መልስ፣ አዳራሽ፤ ሳንድዊች በሰሃን፤ ጊልበርት ክራባት አስሮ፤
ውሻው ጠረጴዛ ሥር፣ አንድ ጫማ ፈልጎ፣ ጫማ ሁሉ ቆጥሮ።
ዊልማ ተነሣች።
«በቀኑ መጨረሻ...» አለች፣
ቆመች።
ሁላችን ጠበቅናት፣ እኔ እንደዚያ ሰኔ፣ እንደዚያ በር ሥር፣
የቀረውን ቃል።
እሷ ግን ዞር ብላ፣ «ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው» አለች፣
ማንቆርቆሪያውን አነሣች፣
ከእኔ ጀመረች።