የት ልጣልህ?

"የት ልጣልህ?" አለኝ ባጃጁን አስነስቶ፣
ሻንጣዬን ከእጄ ላይ ሳልሰጠው ጎትቶ።
ስሙ ነጂብ ነው፤ አንድ ጉንጩ ሞልቷል፣
ከሰዓት ነውና ጥያቄው ይፈጥናል።

እኔስ የት ልጣል?
ኪሴ ውስጥ የአራት ቀን አበል፣ በልኩ የተቆጠረ፣
የቢራራም ምክር፣ የሂሳብ ክፍሉ፣ በደረሰኝ ጀርባ የተጫረ፦
"ከዚራን ያዝ። ጥላ አለው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣
ከባቡሩ ጋር አብሮ በገመድ ተለክቶ የተተከለ።
መጋላ እንዳትገባ፤ ሰው ሌሊት ያወራል፤
እንቅልፍ በደረሰኝ አይወራረድም፣ ማን ይመልስልሃል?"

ነጂብ ሳቀ። "ሰውዬህ ድሬን በስንት ሰዓት አያት?
ወርያ፣ ይቺ ከተማ ጠዋት አንድ ናት፣ ማታ ሌላ ናት።
ሳቢያን አዲስ ፎቅ አለ፣ ሊፍቱ ግን ያኮርፋል፤
ገንደ ቆሬ ርካሽ ነው፣ ውሃው በተራ ይመጣል፤
ለገሀሬ ብትል..." ብሎ ጥሩምባውን ነፋ፣
ፍየል መንገድ ይዛ ንግግሩ ጠፋ።

ድልድዩ ላይ ደረስን። ደቻቱ አሸዋ ብቻ ነው፤
ኳስ የሚለጉ ልጆች፣ አንድ ግመል፣ ታጥቦ የተሰጣ ምንጣፍ የማን እንደሆነ እንጃለት ባለቤቱን ያየው።
"ይሄ ወንዝ" አለኝ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣
"ሲተኛ ይተኛል፤ በአንድ ሌሊት ተነስቶ ስንቱን ቤት በላ።
አልጋ ስትመርጥ ዋጋውን አትጠይቅ አስቀድመህ፤
ወንዙ በየት እንደሚመጣ ጠይቅ፣ ከዚያ ተኛ ጫማህን አውልቀህ።"

መጀመሪያ ከዚራ አደርኩ። ቢራራ እንዳለው።
ግንቦት ነው፣ ዛፉ ቀይ አበባውን አስፋልቱ ላይ አራግፎ የጨረሰው፤
ዘበኛው እንኳ በሹክሹክታ ነው በሩን የከፈተው።
ክፍሉ ነጭ ነው። ሳሙናው በወረቀት ተጠቅልሏል።
ቬንትሌተሩ ጣሪያው ላይ አንድ ቃል ብቻ ያውቃል፤
እሱኑ ደጋግሞ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ፣
እኔም ላቤን ቆጠርኩ እስኪነጋ ድረስ።
ማንም አላሳለ፣ ማንም አላስነጠሰም፤
ጸጥታ ገዝቼ፣ ጸጥታ ከበደኝ ብል ማንም አይሰማኝም።

በማግስቱ "ወዲያ ማዶ" አልኩት፤ ነጂብ ምንም አላለም፤
ድልድዩን በአንድ ትንፋሽ አሻገረኝ፣ ሒሳብም አልጨመረም።

አዴ ዘይቱና ቤት፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ፣
በሩ ሰማያዊ፣ ቀና ተብሎ የማይገባ።
መታወቂያዬን አላየችም። "እራት በልተሃል?" አለች፤
"ክፍሉስ አለኝ፣ ግን እሳት ነው" ብላ አልጋውን በአንድ ጫፍ ያዘች፤
እኔ በሌላው። ወደ ግቢው አወጣነው፣
ከሌሎች አምስት አልጋዎች ተርታ፣ ደጅ አኖርነው።

በቀኜ የጅጅጋ ጨርቅ ነጋዴ፣ ስልኩን ትራሱ ላይ አስጠግቶ፣
በሶማልኛ ሚስቱን ያባብላል፣ መሳቅ እየፈለገ ተቆጥቶ።
በግራዬ ከኤረር ፓፓያ ጭነው የመጡ አዛውንት፣
በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ "አዎ" አልኩ፤ ግማሽ ፓፓያ ደረሰኝ ለዚያች ስህተት።

ቢራራ እውነቱን ነው። ሰው ሌሊቱን ሙሉ አወራ፤
በአንዱ በኩል ሰርግ፣ በሌላው ሕፃንና አውራ ዶሮ በተራ።
ሦስቴ ነቃሁ። ሦስቴም የሆነ ሰው ነቅቶ ነበር፤
አንዱ ውሃ አቀበለኝ፣ አንዱን አየሁት በሽርጡ ጫፍ ከፊቴ ትንኝ ሲያባርር።

ደረሰኝ ብላት ከልጇ ደብተር ቀደደች፤
"አልጋ፣ አንድ። ሌሊት፣ አንድ" ብላ በእርሳስ ጻፈች።
ማህተም የለውም።
ቢራራ አይቀበለውም።

ነጂብ በሩ ላይ ቆሟል። "ዛሬስ የት ልጣልህ?"
በደንገጎ በኩል ተራራው ጥቁር ሻሽ አስሯል፤
ወንዙ በየት እንደሚመጣ ትናንት ሳልጠይቅ ነው የተኛሁት።
አዴ ዘይቱና ከውስጥ፦ "አልጋውን ላስገባው ወይስ ይቆይ?"
ደመናውን አየሁ።
"ይቆይ" አልኳት። "ግን ወንዙ..."
"አንተ ተኛ፤" አለች፤
"ሲመጣ እንቀሰቅስሃለን።"